ጠቅታና ጉዞ፦ የባሌ ተራሮችን በትንሽ ባነር ማስተዋወቅ

በድረ ገጽ ላይ የሚወጣ ባነር ማስታወቂያ በጠባብ ቦታ የሚሠራ ሥራ ነው። በስልክ ገጽ ላይ ዘወትር የሚታየው ዓይነት 320 ፒክስል ስፋትና 50 ፒክስል ቁመት ብቻ አለው፤ በጽሑፍ መካከል ወይም ጎን የሚቀመጠው የተለመደው ዓይነት ደግሞ 300 በ250 ነው። በዚህ ጠባብ ሜዳ አንድ ሥዕል፣ ጥቂት ቃላትና አንድ ቁልፍ ይሰፍራሉ። ከሦስቱ የሚጠበቀው ውጤት አንድ ነው፤ ይኸውም ለሌላ ጉዳይ ገጹን የከፈተውን ሰው ለአፍታ አቁሞ ጠቅ እንዲያደርግ ማነሣሣት።

ከሮቤና ከጎባ በላይ የተዘረጋው የባሌ ደጋ በዚህ ሜዳ ውስጥ እንዴት ይገባል የሚለው ጥያቄ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል። በዚያ ወር የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። መዝገቡ ስም ይሰጣል፤ እንግዳ ግን በራሱ አያመጣም። በዲንሾ ፈረስ የሚያከራየው፣ በጎባ የእንግዳ ማረፊያ የከፈተው፣ በሮቤ መኪና ይዞ ተጓዥ የሚጠብቀው ሰው ገቢው የተመሠረተው ሩቅ ያለ ሰው ስለ ቦታው ሰምቶ፣ ወጪውንና መንገዱን አስልቶ፣ በመጨረሻም ለመምጣት በመወሰኑ ላይ ነው። ባነር ለእነዚህ ሰዎች በትንሽ ገንዘብ ሊጀመር የሚችል የማስተዋወቂያ መንገድ ነው። ስለዚህም የባነሩ ንድፍ ለእነርሱ ከውበት ጥያቄ አልፎ የእንጀራ ጥያቄ ይሆናል።

በማስታወቂያ ሙያ ዘንድ ጥሩ ባነር ማለት ብዙ ጠቅታ ያገኘ ባነር ነው የሚል ልማድ አለ። የባሌ ጉዳይ ይህን ልማድ ለመፈተን የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም በጠቅታውና በመድረሻው መካከል ከአዲስ አበባ ብቻ ሲቆጠር ወደ 430 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በረዘመ ቁጥር ጠቅታ የሚያበዛ ንድፍና እንግዳ የሚያመጣ ንድፍ የመለያየት ዕድላቸው ይሰፋል።

ከመጀመሪያው ባነር የተገኘ ትምህርት

በድረ ገጽ ታሪክ ቀደምት ከሚባሉት ባነሮች ዋነኛው ጥቅምት 17 ቀን 1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1994) ሆትዋየርድ በተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ያስነገረው ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ሲሆን፣ መጠኑ 468 በ60 ፒክስል ነበር። በጥቁር መደብ ላይ የተጻፈው ቃል አንባቢውን እዚህ ቦታ ላይ ጠቅ አድርጎ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቅና እንደሚያደርገው በእርግጠኝነት ይተነብያል። የኩባንያው ሸቀጥም ሆነ ዋጋው በባነሩ ላይ አልተጠቀሰም። ካዩት ሰዎች 44 ከመቶ የሚሆኑት ጠቅ እንዳደረጉት በሙያው ታሪክ በስፋት ይወሳል።

ያ ባነር የሠራው አዲስ ስለነበረ ነው። ሰዎቹ ጠቅ ያደረጉት ቢያደርጉ ምን እንደሚሆን ስላላወቁ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁሉም ያውቃል። አሁን ከመቶ ዕይታ አንድ ጠቅታ ማግኘት እንኳ እንደ መልካም ውጤት ይቆጠራል፤ ከሺህ ዕይታ አንድ ወይም ሁለት ጠቅታ የተለመደ ነው።

የዚህ መውረድ አንዱ ምክንያት በጥናት የተገለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በራይስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቤንዌይና ሌን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች በአንድ ድረ ገጽ ላይ የተወሰነ መረጃ እንዲፈልጉ አደረጉ። የሚፈለገው መረጃ በትልቅና ባለ ቀለም ባነር ውስጥ ሲቀመጥ ብዙዎቹ ሳያዩት አለፉ፤ በተራ ጽሑፍ መልክ ሲቀመጥ ግን አገኙት። ተመራማሪዎቹ ክስተቱን የባነር ዕውርነት ብለው ሰየሙት። ጎልቶ እንዲታይ የተደረገው ነገር ጎልቶ በመታየቱ ምክንያት ሳይታይ ቀረ ማለት ነው።

ለባሌ ባነር የሚሠራ ባለሙያ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። የሚያብለጨልጭ ቀለም፣ የሚንቀጠቀጥ ፊደልና የቃል አጋኖ መደርደር ዓይንን ከመሳብ ይልቅ ይህ ማስታወቂያ ነው፣ እለፈው የሚል ምልክት ይሆናሉ። ዓይን የሚቆመው አንባቢው ይፈልገው የነበረውን ነገር ሲያገኝ ነው። ሐሳቡ የበዓል ዕረፍቱን የት እንደሚያሳልፍ ለሚያስብ ሰው ቀን፣ መንገድና ዋጋ ከሠላሳ የአድናቆት ቃላት ይበልጣሉ።

ሥዕሉ፦ ቀይ ቀበሮው ሲቀጠር

ለባሌ ባነር ሥዕል ምረጡ ቢባል አብዛኛው ሰው ቀይ ቀበሮን ይመርጣል። ምርጫው የሚያስገርም አይደለም። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ፣ በጠቅላላው ከ500 የማይበልጥ ቁጥር ያለው እንስሳ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም የሚኖረው በባሌ ነው። ዋና ምግቡ ከሆኑት አንዱ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ቀበሮው በቀን ብርሃን ብቻውን የሚያድን በመሆኑም በሳነቴ ሜዳ ለዓይን ይጋለጣል። ቀይ ቀበሮን ለማየት ከሳነቴ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ የሚመጣው ከፎቶግራፉ ነው። በ300 ፒክስል ስፋት ውስጥ ጠቅታ የሚስበው የቀበሮው ፊት ገጹን ሞልቶ ዓይኑ ወደ ተመልካቹ ሲያይ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ በረጅም ሌንስና በብዙ ቀናት ትዕግሥት የሚገኝ ነው። ተጓዡ ግን ከመኪናው መስኮት የሚያየው፣ ዕድል ከቀናው፣ በሣሩ መካከል የሚንቀሳቀስ ትንሽ ቀይ ነገር ይሆናል። ባነሩ በቃል ያልተናገረውን ሥዕሉ ተናግሯል፤ እንግዳውም የተናገረውን ነገር ፍለጋ መጥቷል።

በሥዕል የተሰጠ ተስፋ የሚያስከፍለው ዋጋ በእንግዳው ቅሬታ ብቻ አያበቃም። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ በሪራ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በቀበሮዎቹ መኖሪያ መካከል ያልፋል። ገንዘቤን ከፍዬ የመጣሁት ለእርሱ ነው የሚል እንግዳ ሾፌሩን ከመንገድ እንዲወጣ፣ አስጎብኚውንም ወደ ጎሬው እንዲያስጠጋው ይገፋፋል። ከእንግዳው ጉርሻ የሚጠብቅ አስጎብኚ ደግሞ እምቢ ማለት ይቸግረዋል። የቀበሮዎቹ ሕልውና ከዚህም ሌላ የማያስተማምን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ የነበሩትን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። ሊታይ የሚችለው ነገር በአንድ ወቅት እንዲህ ከተለወጠ፣ በአንድ እንስሳ ፊት ላይ የተመሠረተ ማስታወቂያ የሚሸጠው ሻጩ ራሱ የማያዝበትን ነገር ነው።

አማራጩ ቀበሮውን መደበቅ አይደለም። ሰፊውን ሜዳ፣ ጅብራውንና ጭጋጉን አሳይቶ ቀበሮውን በመካከሉ ተጓዡ በሚያየው መጠን ማስቀመጥ ይቻላል። ሌላው መንገድ ይበልጥ እርግጠኛ በሆነው መጀመር ነው። በዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዙሪያና በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን በእግር እየተጓዙ ሊታይ ይችላል፤ ይህም እንስሳ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው። ለመታየት የቀረበውን ማስቀደም ሐቀኝነት ብቻ ሳይሆን የንድፍ ጥበብም ነው፤ ባነሩ ያሳየውና እንግዳው ያየው ሲመሳሰሉ እንግዳው ራሱ ሁለተኛ ማስታወቂያ ሆኖ ይመለሳል።

ቃሉ፦ ፀሐይ ለሌለበት ደጋ

የኢትዮጵያ ቱሪዝም ረጅም ዕድሜ ያለው መፈክር የ13 ወር ፀጋ የሚለው ነው። የአገሪቱ ቱሪዝም አባት ከሚባሉት ከአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ጋር የሚያያዘውና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተወለደው ይህ መፈክር በውጭ ቋንቋ ሲነገር ስለ 13 ወር የፀሐይ ብርሃን የሚያወሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቦታውን ምድረ ቀደምት ለሚለው አስረክቧል። የቀድሞው መፈክር ጥንካሬ በእውነት ላይ መቆሙ ነው፤ የአቆጣጠሩ 13 ወር እውነት ነው፣ የአብዛኛው አገር ፀሐይም እውነት ነው። ወደ ሳነቴ ሲወጣ ግን ፀሐዩ ይከዳል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ይበልጣል፤ ከእርሱም በላይ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ላይ ይቆማል። በደረቁ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በዝናቡ ወራት ጭጋጉ መንገዱን ይሸፍናል።

ለአገር የተሠራ ቃል ለእያንዳንዱ ቦታ እንደማይሆን ባሌ በግልጽ ያሳያል። ብርዱ የሚደበቅ ነውር ሊሆን አይገባውም። በሙቀት የሚኖር የአዳማ ወይም የድሬዳዋ ነዋሪ ስለ ጭጋግ፣ ስለ ውርጭና ስለ ከሰል ምድጃ ሲያነብ ሊሳብ ይችላል፤ ካልተሳበም ባይመጣ ለሁሉም ይሻላል። ጃኬት ሳይዝ ደርሶ በመጀመሪያው ሌሊት የሚመለስ እንግዳ ማንንም አይጠቅምም።

የአማርኛ ቋንቋ ራሱም በቁልፉ ላይ የራሱን ጥያቄ ያቀርባል። የእንግሊዝኛው የትእዛዝ ግሥ ለወንድም ለሴትም፣ ለአንዱም ለብዙም አንድ ነው። በአማርኛ ግን ጎብኝ፣ ጎብኚ፣ ጎብኙ፣ ይጎብኙ እያለ ይለያያል። ተመልካቹ ማን እንደሆነ የማያውቅ ባነር ጎብኝ ካለ ግማሹን ተመልካች ትቷል፤ ለማያውቀው ሰውም አክብሮት ነፍጓል። ይጎብኙ የሚለው ጨዋ ነው፣ ጾታም አይለይም፤ ሆኖም በየቢሮው በር ላይ ከሚለጠፍ ማሳሰቢያ ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ያልፈዋል። የሚሻለው መውጫ ትእዛዙን ትቶ ከቁልፉ በስተጀርባ ያለውን ነገር በስሙ መጥራት ነው፤ የሳነቴ ጉዞ ዋጋ ወይም የመንገዱ ሁኔታ የሚል ቁልፍ ማንንም ሳያዝዝ ጠቅ ያደረገ ሰው ምን እንደሚያገኝ ይናገራል።

የፊደሉ ቅርጽም የሚታሰብበት ነው። በግእዝ ፊደል በ፣ ቡ፣ ቢ እና ባ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያና በእግር ርዝመት ነው፤ በ50 ፒክስል ቁመት ውስጥ ሁለት መስመር ለማስገባት ሲሞከር መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ልዩነቶች ናቸው። ብዙ የአማርኛ ጸሐፊ በኮምፒውተሩ ላይ የሚያውቀው ኒያላ የተባለው የፊደል ቅርጽ ስሙን ያገኘው ከደጋ አጋዘን መሆኑ ለባሌ ባነር ደስ የሚል አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ቅርጽ በፎቶግራፍ ላይ ሲጻፍ ይጠፋልና በስልክ ለሚታይ ባነር ወፍራምና ጥቂት ቃል ይመረጣል። ቋንቋውም ቢሆን በቦታው ሳይሆን በተመልካቹ ይወሰናል። በባሌ ዞን የሚኖረው አብዛኛው ሕዝብ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲሆን በቁቤ ያነባል፤ የአዲስ አበባው ተጓዥ አማርኛ፣ የውጭ እንግዳው ሌላ ቋንቋ ይፈልጋል። ሦስቱን በአንድ ባነር ማጨቅ ለማንም እንዳይነበብ ያደርጋል፤ ሦስት ባነር ሠርቶ እያንዳንዱን በየአድራሻው ማሳየት ይበጃል።

ቁጥሩ፦ አሥር ጠቅታ ምን ይናገራል?

ሁለት ባነር ሠርቶ በማወዳደር የተሻለውን መምረጥ የሙያው መደበኛ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ትክክል ቢሆንም በትንሽ በጀት ሲሠራ በቀላሉ ያሳስታል። አንድ ባነር 10,000 ጊዜ ታይቶ 10 ጠቅታ፣ ሌላው በተመሳሳይ ዕይታ 14 ጠቅታ ቢያገኝ ሁለተኛው በ40 ከመቶ በለጠ ተብሎ ይነገራል። ስሌቱ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን አይደለም። ጠቅታ እንዲህ ብርቅ በሚሆንበት ጊዜ በሁለቱ ልዩነት ላይ የሚጠበቀው የአጋጣሚ መዋዠቅ ወደ 5 ጠቅታ ይጠጋል፤ የታየው የ4 ጠቅታ ልዩነት በዚያ ውስጥ ይወድቃል።

ከሺህ 1 ጠቅታ የሚያገኝ ባነርን ከሺህ 1.5 ከሚያገኘው በተለመደው የ5 ከመቶ የስሕተት ደረጃና የ80 ከመቶ የመለየት ኃይል ለመለየት እያንዳንዱ ባነር ወደ 78,000 ጊዜ ያህል መታየት አለበት። ይህ ለአገር አቀፍ ኩባንያ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው፤ ለአንድ የጎባ እንግዳ ማረፊያ ግን የዓመት በጀቱን ሊበላ ይችላል። ስለዚህ አነስተኛ አስተዋዋቂ በጠቅታ ቁጥር ላይ ጥቃቅን የቀለም ፈተና ከሚያካሂድ ይልቅ በይዘት በእጅጉ የሚለያዩ ሁለት ሐሳቦችን ማወዳደርና ከጠቅታው አልፎ ስንት ሰው ደውሎ እንደጠየቀ መቁጠር ይሻለዋል።

የጠቅታ ቁጥር ሌላም ድክመት አለው፤ ሁሉም ጠቅታ ፈቃድ አይደለም። በስልክ ገጽ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ባነር ገጹን ለማንሸራተት የተሰነዘረ አውራ ጣት ያገኘዋል። ዕይታ የሚባለውም ቢሆን ለስላሳ ቃል ነው፤ በሙያው መለኪያ አንድ ባነር ታየ የሚባለው ከገጽታው ግማሹ ለአንድ ሰከንድ በገጹ ላይ ሲቆይ ነው። የመዝጊያ ምልክቱን አሳንሶ፣ ባነሩን ከቁልፍ አጠገብ አስጠግቶ ጠቅታ ማብዛት የሚቻለው በዚህ ቀዳዳ ነው። በእያንዳንዱ ጠቅታ የሚከፍለው አስተዋዋቂ ግን የገዛው የተሳሳተ ጣትን ነው። የዳታ ጥቅል በሜጋባይት ቆጥሮ የሚገዛው ባለ ስልክም ያልፈለገውን ገጽ ለመክፈት የራሱን ገንዘብ አውጥቷል።

ከጠቅታው በኋላ

ጠቅታው የሚያደርሰው ገጽ የባነሩ ግማሽ አካል ነው። በብዙ የማስታወቂያ መረቦች ባነር ራሱ ከ150 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ይገደዳል፤ የመድረሻው ገጽ ግን እንዲህ ያለ ገደብ ስለሌለበት በትልልቅ ፎቶግራፎች ተሞልቶ በደካማ ኔትወርክ ለመከፈት ደቂቃ ይፈጃል። ስለ ሳነቴ ጉዞ ዋጋ ቃል የገባ ባነር ወደ አጠቃላይ የመግቢያ ገጽ ከወሰደ፣ አንባቢው የጠየቀውን ጥያቄ እንደገና እንዲጠይቅ ተገዷል። ዋጋው፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ ተስማሚዎቹ ወራት፣ የሚያዘው ልብስና የሚደወልበት ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ ላይ በጽሑፍ ቢገኙ ምስሎቹ ዘግይተው ቢመጡም ጉዳት የለውም።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ይጠይቃል። ሆኖም በ300 ፒክስል ውስጥ ያለው ማሳሳት ብዙ ጊዜ ሕግ የሚይዘው ዓይነት አይደለም። ፎቶግራፉ የእውነተኛ ቀበሮ ነው፤ ቃሉ ውሸት የለበትም፤ የተሳሳተው በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ግምት ነው። ያንን ግምት የሚፈጥረውም የሚያርመውም የንድፍ ባለሙያው ብቻ ነው። እንግዳውን በኋላ የሚያስተናግደው ግን እርሱ አይደለም። ጭጋጉ ሳይገለጥ፣ ቀበሮውም ሳይታይ ቀኑ ሲመሽ ለእንግዳው መልስ የሚሰጠው በዲንሾ ፈረሱን ይዞ የቆመው ሰው ነው፤ ባነሩን አላየውም፣ ስለ ይዘቱም ማንም አልጠየቀውም።

በዚህ ምክንያት ለባሌ የሚሠራ ባነር ከመውጣቱ በፊት ከሁለት ዓይነት ሰው ጋር መፈተን ይገባዋል። አንደኛው ሩቅ ያለውና ጠቅ ያደርጋል ተብሎ የሚጠበቀው ሰው ነው። ሁለተኛው በቦታው የሚገኘው አስጎብኚ ነው። ለእርሱ የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ይህን አይቶ የመጣ ሰው ምን ይጠብቃል፣ አንተስ በየትኛው ወር ልታሳየው ትችላለህ? መልሱ ሥዕሉን ሊያስቀይር፣ ባነሩ የሚወጣበትን ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ሊወስን፣ አንድ ቃል ሊያስጨምር ወይም ሊያስቀንስ ይችላል። ከ78,000 ዕይታ በፊት የሚገኝ፣ ከሮቤ ተነሥቶ ዲንሾ ድረስ በሚያደርስ አጭር ጉዞ የሚጠናቀቅ ፈተና ነው።